ፍጥነት ብቻውን ግዴለሽነት ነውን?

ሁለት አሽከርካሪዎች እያንዳንዳቸው በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ እንበል። አንደኛው በጀርመን አገር አውቶባን በሚባለው ጎዳና ላይ ነው፤ ሁለተኛው በአሜሪካ፣ የቨርጂኒያን ግዛት በሚያቋርጠው 95ኛው ኢንተርስቴት አውራ ጎዳና ላይ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አስፋልቱ ደረቅ፣ መኪኖቹም አንድ ዓይነት ናቸው። በፊዚክስ ሕግጋት ፊት በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። በሰው ሕግ ፊት ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። በጀርመን 130 ኪሎ ሜትር ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሽከርካሪዎች የሚመከር ፍጥነት ነው፤ የወሰን ምልክት ባልተተከለበት የአውቶባን ክፍል ከዚያ በላይ መንዳትም አይከለከልም። 130 ኪሎ ሜትር በማይል ሲለካ 80.8 ይሆናል። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ከ80 ማይል በላይ መንዳትን በራሱ ግዴለሽ አነዳድ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ስለዚህ በአንደኛው አገር ምክር የሰማ የሚባለው ሰው፣ በሌላው አገር በወንጀል ተከሶ እስከ 12 ወር እሥራት ሊፈረድበት ይችል ነበር።

በዚህ ጽሑፍ፣ ፍጥነት ብቻውን ሰውን ግዴለሽ ለማለት ይበቃ እንደሆነ እንመረምራለን። ጥያቄው የሕግ ይመስላል፤ ግማሹ ግን የፊዚክስ ነው። ለስሌቱ ከ11ኛ ክፍል ትምህርት የሚበልጥ ዕውቀት አያስፈልግም።

ሕጉ ምን ይላል?

የቨርጂኒያ ሕግ ግዴለሽ አነዳድን በብዙ አንቀጾች ይዘረዝራል፤ ለእኛ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ጠቅላላ ድንጋጌ ነው። የተፈቀደው የፍጥነት ወሰን ምንም ይሁን ምን፣ የሰውን ሕይወት፣ አካል ወይም ንብረት ለአደጋ በሚያጋልጥ ፍጥነት ወይም ሁኔታ የነዳ ሰው ግዴለሽ አሽከርካሪ ነው ይላል። ይህን ለማስረዳት ዓቃቤ ሕጉ ስለ መንገዱ፣ ስለ አነዳዱና በአካባቢው ስለነበሩት ሰዎች ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ሁለተኛው አንቀጽ ግን ቁጥር ብቻ ነው። ከተፈቀደው ወሰን 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ አልፎ የነዳ፣ አለዚያም ወሰኑ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው ግዴለሽ ነው። ጎዳናው ባዶ ይሁን የተጨናነቀ፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ አይጠየቅም። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ቀድሞ 80 ነበር፤ ወደ 85 ከፍ ያለው ከጁላይ 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

ጥፋቱ በ1ኛ ደረጃ ቀላል ወንጀሎች ውስጥ ይመደባል። ‹‹ቀላል›› የሚለው ቃል ግን አያታልለን። እስከ 12 ወር እሥራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል፣ መንጃ ፈቃድንም እስከ 6 ወር ሊያሳግድ ይችላል፤ በአሽከርካሪው መዝገብ ላይም ለ11 ዓመት ይቆያል። በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ከሚኖሩት በርካታ ወገኖቻችን መካከል በታክሲና በመሰል የማጓጓዝ ሥራ የሚተዳደሩ አሉ። ‹‹ሪክለስ›› እያሉ የሚጠሩት ይህ ክስ ለእነርሱ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ለሕጉም የሚገባውን እንስጠው። ዳኛው የጥፋቱ ደረጃ አነስተኛ ሆኖ ካገኘው፣ ወንጀል ወዳልሆነው ‹‹ተገቢ ያልሆነ አነዳድ›› ዝቅ ሊያደርገው ሥልጣን አለው። በሩ በጥቂቱ ገርበብ ብሏል ማለት ነው። የሚከፈተው ግን በዳኛው ፈቃድ እንጂ በሳይንስ መለኪያ አይደለም።

የማቆሚያው ርቀት

የሚሮጥ መኪና የተሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይል፣ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ካይኔቲክ ኢነርጂ የሚሉት፣ የግዝፈቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኘው ነው። መኪናው እንዲቆም ይህ ኃይል በሙሉ መውጣት አለበት። አብዛኛው በፍሬኑ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ይህ የሚሆነው ግን ጎማው አስፋልቱን ጨብጦ እስከያዘ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ወሰን የሚያበጀው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃው ከመኪናው ክብደት ጋር ስለሚያድግ፣ ግዝፈት ከስሌቱ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። የሚቀሩት ፍጥነቱና የመንገዱ ጭብጥ ናቸው። የፍሬን ርቀት የሚገኘው የፍጥነቱን ካሬ፣ መኪናው በየሴኮንዱ በሚቀንሰው ፍጥነት እጥፍ በማካፈል ነው።

ለስሌታችን እንዲመቸን፣ ጥሩ ጎማ ያለው መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በየሴኮንዱ 7 ሜትር በሴኮንድ፣ በርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ 4 ሜትር በሴኮንድ ያህል ፍጥነት ይቀንሳል እንበል። ዓይን አደጋውን ካየበት ቅጽበት አንሥቶ እግር ፍሬኑን እስከሚረግጥ ድረስ ያለው የምላሽ ጊዜ 1.5 ሴኮንድ ይሁን። በዚህ ጊዜ ውስጥ መኪናው ቅንጣት ሳይቀንስ ይሄዳል።

አሁን ሕጉ እኩል የሚያያቸውን ሁለት ሰዎች እንመልከት። አንደኛው የ25 ማይል ወሰን ባለው የመኖሪያ ሠፈር መንገድ በ45 ማይል ይነዳል። ሁለተኛው የ65 ማይል ወሰን ባለው አውራ ጎዳና በ85 ማይል ይነዳል። ሁለቱም ወሰኑን በ20 ማይል አልፈዋልና በቁጥሩ አንቀጽ ሁለቱም ግዴለሾች ናቸው።

በአውራ ጎዳናው እንጀምር። 65 ማይል 29 ሜትር በሴኮንድ ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄደው ሕግ አክባሪ በምላሽ ጊዜው 44 ሜትር፣ በፍሬን 60 ሜትር፣ በድምሩ 104 ሜትር ሄዶ ይቆማል። 85 ማይል 38 ሜትር በሴኮንድ ነው። ይህኛው በምላሽ ጊዜው 57፣ በፍሬን 103፣ በድምሩ 160 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ 31 በመቶ ሲጨምር የእንቅስቃሴ ኃይሉ 71 በመቶ ጨምሯል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ በ104 ሜትር ርቀት ላይ መንገዱን የዘጋ ነገር በአንድ ቅጽበት ቢያዩ፣ የመጀመሪያው ሊነካው ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ሁለተኛው እዚያ ቦታ ሲደርስ በምን ፍጥነት ላይ ይሆናል? ብዙ ተማሪዎች ‹‹በልዩነቱ፣ ማለትም በ20 ማይል›› ብለው ይመልሳሉ። ስሌቱ ግን 28 ሜትር በሴኮንድ፣ ማለትም 63 ማይል ያህል ይሰጣል። ባልደረባው ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ፣ እርሱ ገና ባልደረባው በጀመረበት ፍጥነት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ሠፈሩ መንገድ እንሂድ። በ25 ማይል የሚሄደው በምላሽ ጊዜው 17፣ በፍሬን 9፣ በድምሩ 26 ሜትር ይበቃዋል። በ45 ማይል የሚነዳው በምላሽ ጊዜው ብቻ 30 ሜትር ይሄዳል። በ26 ሜትር ርቀት ላይ ከቆሙ መኪኖች መካከል ሕፃን ብቅ ቢል፣ የመጀመሪያው ልጁ ዘንድ ሳይደርስ ይቆማል፤ ሁለተኛው ልጁ ዘንድ ሲደርስ እግሩ ፍሬኑን ገና አልነካም። በሙሉ ፍጥነቱ፣ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይመታዋል። በአሜሪካ የእግረኞች አደጋ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በመኪና የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በአማካይ በ23 ማይል 10 በመቶ፣ በ32 ማይል 25 በመቶ፣ በ42 ማይል 50 በመቶ፣ በ58 ማይል 90 በመቶ ነው። በ25 ማይል ዜሮ የነበረው ጉዳት፣ በ45 ማይል ከግማሽ በላይ የሞት ዕድል ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የፍሬን ርቀቱ በአውራ ጎዳናው በ43 ሜትር ነው የረዘመው፤ በሠፈሩ መንገድ በ20 ሜትር ብቻ። በተጨማሪው ርቀት ብንለካ የጎዳናው አሽከርካሪ የከፋ ነው። በእጥፍ ብንለካ ደግሞ የሠፈሩ ይብሳል፤ የእንቅስቃሴ ኃይሉ በ3.24 እጥፍ አድጓልና። የትኛው መለኪያ ትክክል ነው? በእኛ አስተያየት ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም። ሦስተኛ ርቀት ስለጎደለን ነው፤ እርሱም ዓይን የሚደርስበት ርቀት ነው።

ዓይን እስከሚደርስበት

የጀርመን የመንገድ ትራፊክ ደንብ በ3ኛው አንቀጹ ላይ የፊዚክስ መምህር የጻፈው የሚመስል ሐሳብ ይዟል። አሽከርካሪ ሊነዳ የሚችለው፣ ፊት ለፊቱ በሚታየው የመንገድ ርቀት ውስጥ ሊቆም በሚችልበት ፍጥነት ብቻ ነው ይላል። እዚያ ለትምህርት በቆየንባቸው ዓመታት ይህ ድንጋጌ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጁ ጓደኞቻችንን ሲያስጨንቅ አይተናል፤ እኛ ግን በጣም ወደድነው። በዚህ ሕግ ውስጥ ቋሚ ቁጥር የለም፤ አለመመጣጠን ብቻ ነው ያለው። የማቆሚያ ርቀት ከእይታ ርቀት መብለጥ የለበትም። የአገሪቱ የወንጀል ሕግም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ለእይታ በማይመቹ ቦታዎች፣ በመስቀለኛ መንገዶች ወይም በባቡር ማቋረጫዎች ላይ፣ ደንብን በከባድ ሁኔታ በመጣስና በግዴለሽነት እጅግ ፈጥኖ በመንዳት የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የጣለ ሰው ወንጀለኛ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አይናገርም፤ የት እንደሆነ ይናገራል።

በዚህ ሚዛን ስንመዝን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ቀጥ ባለ፣ ደረቅ፣ 400 ሜትር ወለል ብሎ በሚታይ ጎዳና ላይ በ85 ማይል የሚሄደው አሽከርካሪ 160 ሜትር ይበቃዋል፤ ከሚያየው ርቀት ከግማሽ በላይ ይተርፈዋል። ጎዳናው ሲረጥብ ግን በተፈቀደው 65 ማይል የሚሄደው ሕግ አክባሪ 149 ሜትር ያስፈልገዋል። የርጥቡ ሕጋዊ ፍጥነትና የደረቁ ወንጀላዊ ፍጥነት በማቆሚያ ርቀት ሊተካከሉ ጥቂት ቀራቸው። ቁጥሩ አንዱን ይከስሳል፤ ሌላውን አያየውም።

ጉም ደግሞ ከዝናብ ይብሳል። በቨርጂኒያ 64ኛው ኢንተርስቴት የብሉ ሪጅ ተራሮችን በሚሻገርበት በአፍተን ተራራ ላይ ጉም የተለመደ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያ ቦታ ብዙ መኪኖች በጉም ውስጥ ተከታትለው የተላተሙባቸው አደጋዎች ደርሰዋል። የእይታ ርቀቱ 50 ሜትር ነው እንበል። በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ በዚህ ርቀት ውስጥ ለመቆም ፍጥነቱ ከ40 ማይል መብለጥ የለበትም። በጉሙ ውስጥ በ60 ማይል የሚከንፈው ሰው ከ65 ማይሉ ወሰን በታች ስለሆነ የቁጥሩ አንቀጽ አይመለከተውም። በእርግጥ የቨርጂኒያ ሕግ ይህን ሰው ጨርሶ አልረሳውም፤ ወሰኑ ምንም ቢሆን ለመንገዱ ሁኔታ በማይስማማ ፍጥነት መንዳትን የሚከለክል ሌላ አንቀጽ አለው። ነገር ግን ራዳሩ የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛው የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ከግጭቱ በኋላ ነው።

የሌሊቱ ነገር ደግሞ ሁላችንንም የሚነካ ነው። አጭር መብራት አብርቶ እስከ 60 ሜትር ድረስ የሚያይ አሽከርካሪ፣ በሚያየው ርቀት ውስጥ ለመቆም ከ45 ማይል፣ ማለትም በሰዓት ከ73 ኪሎ ሜትር ማለፍ የለበትም። በየሌሊቱ በአውራ ጎዳናዎች ላይ በሕጋዊ ፍጥነት የሚጎርፈው ሕዝብ ታዲያ ምን ሊባል ነው? ጀርመኖች እንኳ እዚህ ላይ ሸርተት ብለዋል፤ በአውቶባን ላይ የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት በግልጽ ከታየና በቂ ርቀት ከተጠበቀ፣ ፍጥነትን በአጭር መብራት ልክ መወሰን ግዴታ አይደለም ብለው ደንግገዋል። ፊዚክስ እንዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ አይሰጥም።

የመሐንዲሱ መጠባበቂያ

እስከዚህ ድረስ የተከራከርነው ለፈጣኑ አሽከርካሪ ይመስላል። እንግዲህ በተቃራኒው ወገን እንቁም፤ በዚያ በኩል ያለው መከራከሪያ ብዙ ሰዎች ከሚያስቡት የጠነከረ ነውና።

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና መሐንዲሶች መንገድ ሲነድፉ፣ በኩርባና በጉብታ ላይ እንኳ አሽከርካሪው ሊኖረው የሚገባውን ዝቅተኛ የእይታ ርቀት ያሰላሉ። ስሌታቸው ከእኛ የበለጠ ጥንቁቅ ነው። የምላሽ ጊዜውን 2.5 ሴኮንድ፣ በየሴኮንዱ የሚቀነሰውን ፍጥነት 3.4 ሜትር በሴኮንድ ብቻ አድርገው ይወስዳሉ። በዚህ መሠረት ለ70 ማይል የተነደፈ መንገድ ቢያንስ 222 ሜትር እይታ ይሰጣል። ለምን ይህን ያህል ተጠነቀቁ? የደከመ ሾፌር ስላለ፣ አዛውንት ስላሉ፣ ያለቀ ጎማ ስላለ፣ ዝናብ ስላለ ነው።

አሁን በ2.5 ሴኮንድ የምላሽ ጊዜ እናስላ። በ70 ማይል የሚሄደው በርጥብ አስፋልት ላይ 201 ሜትር ይፈልጋል፤ በ222ቱ ውስጥ ይገባል። በ85 ማይል የሚሄደው በደረቁ 198 ሜትር ያስፈልገዋል፤ እርሱም ይገባል። በርጥቡ ግን 275 ሜትር ይፈልጋል፤ መሐንዲሱ ከሰጠው እይታ በ53 ሜትር አልፎ ይወጣል። ፈጣኑ አሽከርካሪ በደረቁ ቀን ‹‹ይኸው፣ ምንም አልሆንኩም›› ሲል እውነቱን ነው። ምንም ያልሆነው ግን ሌላ ሰው ለክፉ ቀን ያስቀመጠለትን መጠባበቂያ እየበላ ስለሆነ ነው። መጠባበቂያው ሲበላ ድምፅ አያሰማም፤ በፍጥነት መለኪያውም ላይ አይነበብም።

ሁለተኛው ጠንካራ መከራከሪያ የመጠጥ ምሳሌ ነው። በአሜሪካ ግዛቶች በደሙ ውስጥ ከ0.08 በመቶ ያላነሰ አልኮል ይዞ የነዳ ሰው፣ ቀጥ ብሎ ቢነዳም ጥፋተኛ ነው (በዩታ ግዛት መጠኑ 0.05 ነው)። እዚያ ቁጥሩ ብቻውን በቂ ነው ካልን ለፍጥነት ለምን አይሆንም? በአውስትራሊያ፣ በአደሌይድ ከተማ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ የ60 ኪሎ ሜትር ወሰን ባላቸው መንገዶች ላይ ፍጥነቱ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ከፍ ሲል የሰው ጉዳት ባለው ግጭት ውስጥ የመግባት ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚያድግ አሳይቷል። በ65 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ሰው ዕድል በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሾፌር ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ጥናት አቅልለን አናየውም። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። አልኮል ከአሽከርካሪው ጋር ይጓዛል፤ ሠፈርም ይሂድ ጎዳና ጭንቅላቱን አይለቀውም። የፍጥነት አደጋ ግን ግማሹ በመንገዱ ላይ ነው። የአደሌይዱ ጥናትም የተካሄደው በከተማ መንገዶች ላይ ነበር፤ ቁጥር ብቻውን የበለጠ እውነት የሚናገረው እዚያ ነውና።

‹‹ሁሉም በ80 ሲሄድ እኔ ብቻ በ65 ብሄድ አደጋው ይብሳል›› የሚለው ክርክር ከ1964 እ.ኤ.አ. የሰለሞን ጥናት ጀምሮ ሲነገር ቆይቷል። ዴቪድ ሰለሞን በአሜሪካ የገጠር ጎዳናዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ከአማካዩ ፍጥነት እጅግ የራቁት፣ ቀርፋፎቹም ጭምር፣ ብዙ ይጋጫሉ ብሎ ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን የዚህን ውጤት ቀርፋፋ ወገን ተችተዋል፤ ለመታጠፍ ወይም ለመቆም የቀነሱ መኪኖችም እንደ ቀርፋፋ ተቆጥረዋልና። ‹‹እኔ የለመድኩ ሾፌር ነኝ›› ለሚለውም መልሱ አጭር ነው፤ ልምድ አደጋን ቀድሞ ለመጠርጠር ይረዳል እንጂ የአስፋልትን ሰበቃ አይጨምርም።

በ85 እና በ86 መካከል

ቁጥርን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ሁሉ በመለኪያ ይፈተናል። በ70 ማይል ወሰን ውስጥ በ85 የሚነዳ ሰው የፍጥነት ደንብ የጣሰ ተራ ጥፋተኛ ነው፤ በ86 የሚነዳው የወንጀል ተከሳሽ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የእንቅስቃሴ ኃይል ልዩነት 2.4 በመቶ ብቻ ነው። ራዳር በዚህ ረገድ ጥሩ መሣሪያ ነው። ከሚመጣው መኪና ተንፀባርቆ የሚመለሰውን ሞገድ የድግግሞሽ ለውጥ፣ ዶፕለር ውጤት የምንለውን፣ ያነባል። ራዳሩ ከመንገዱ ጎን በማዕዘን ከቆመ ደግሞ የሚያነበው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ስለሆነ ስሕተቱ ለአሽከርካሪው ያደላል።

የአሽከርካሪው የራሱ መለኪያ ግን እንዲህ አይደለም። መኪናው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ጎማ ሲያልቅ ዙሪያው ስለሚያጥር መለኪያው ከእውነቱ በ2 በመቶ ያህል አስበልጦ ያሳያል፤ ይህ ጉዳት የለውም። ባለቤቱ ከፋብሪካው ጎማ በ3 በመቶ የሰፋ ዙሪያ ያለው ጎማ ቢያስገጥም ግን መለኪያው 84 እያሳየው እርሱ በ86.5 ማይል ይከንፋል። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች የፍጥነት መለኪያ ምርመራ ውጤትን በማስረጃነት ይቀበላሉ፤ መልካም ነው። ቢሆንም ይህ ሰው ወሰኑን እንዳለፈ ያውቅ ነበር እንጂ ወንጀል ውስጥ እንደገባ አያውቅም ነበር።

ማወቅና አለማወቅ

ግዴለሽ የሚለው ቃላችን ራሱ መልሱን ይዟል። ግድ የማይለው፣ ማለትም አደጋውን እያወቀ ያልተጨነቀለት ነው። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ 59ኛ አንቀጽ፣ ድርጊቱ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ ሳያመዛዝን የፈጸመውን ሰው፣ ማወቅ ሲገባውና ሲችል ካላወቀው ለይቶ ይጠቅሳል፤ ሁለቱም ቸልተኝነት ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። በ543ኛው አንቀጽም፣ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው ግልጽ ደንብን ሆነ ብሎ፣ ይህ ውጤት ሊደርስ መቻሉን ችላ በማለት ጥሶ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይሆናል። እዚህ ላይ ቁጥሩን ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ ችላ ማለቱም መረጋገጥ አለበት።

አሽከርካሪው ፍጥነቱን ያውቃል፤ መለኪያው ከዓይኑ ሥር ነው። ርቀቱን ግን ያውቀዋልን? የስዊድን የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኦላ ስቬንሰን እንዳሳየው፣ ሰዎች ከከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሲጨምሩ የሚያተርፉትን ጊዜ አብዝተው ይገምታሉ። በ30 ማይል መንገድ ላይ ከ65 ወደ 85 ማይል ከፍ ማለት የሚያተርፈው 6 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። ስለ ማቆሚያ ርቀትም ሰው የሚያስበው በመደመር ነው፤ ተፈጥሮ የምታሰላው በካሬ ነው። ከላይ ‹‹በ20 ማይል ይመታዋል›› ብሎ የመለሰው ተማሪ በመኪናው ውስጥም እንዲሁ ብሎ ያስባል። እንዲህ ያለውን ሰው ሕጉ አዋቂ ነህ ሲለው ያላወቀውን ነገር ያሸክመዋል። (ስሌቱን አብሮን የሠራ አንባቢ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይህ መከላከያ አይኖረውም።)

እንግዲህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው። በሠፈር መንገድ ወሰኑን በ20 ማይል ማለፍን በቀጥታ ግዴለሽነት ማለት ትክክል ነው፤ ምክንያቱም የ25 ማይል ምልክቱ ራሱ ስለ ቦታው ይናገራል። የቆሙ መኪኖች፣ ሕፃናትና በሮች ያሉበት፣ እይታው በጥቂት ሜትሮች የሚለካ ቦታ መሆኑን ማንም የሚያይ ያውቃል። ከ85 በላይ የሚለው ቁጥር ግን ለመቀጮ ይበቃል፤ ለወንጀል ሲሆን የመጀመሪያ ማስረጃ እንጂ የመጨረሻ መሆን የለበትም። ዓቃቤ ሕጉ ወይም ተከሳሹ የመንገዱን እይታና የአስፋልቱን ሁኔታ ማቅረብ ይችሉ፤ ዛሬ እነዚህን መለካት ቀላል ነው። ‹‹ፖሊስ በየመንገዱ ሜትር ይዞ ይቁምን?›› የሚሉን ይኖራሉ። አይቁም፤ የመንገዱ እይታ በመሐንዲሱ ንድፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ዝናብ መኖሩንም የአየር ትንበያ ጣቢያው መዝግቦታል።

መልመጃ

የጀርመኑ ደንብ ሌላም ነገር ይጨምራል፤ ከፊት የሚመጣ መኪና አደጋ ላይ ሊወድቅ በሚችልበት ጠባብ መንገድ ላይ፣ አሽከርካሪው በሚታየው ርቀት ግማሽ ውስጥ መቆም መቻል አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በኩርባው ማዶ የሚመጣውም ሰው የራሱን ማቆሚያ ይፈልጋልና ሁለቱ ርቀቶች ተደምረው ከእይታው መብለጥ የለባቸውም። 50 ሜትር በሚታይበት ጠባብ የአስፋልት መንገድ ላይ እያንዳንዱ መኪና 25 ሜትር ብቻ አለው። በ1.5 ሴኮንድ የምላሽ ጊዜና በየሴኮንዱ በ7 ሜትር በሴኮንድ ቅነሳ ስናሰላው በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ አሜሪካኖች በሠፈር መንገዶቻቸው ላይ ከሚጽፉት 25 ማይል ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። አንባቢ ደግሞ ይህንኑ ኩርባ በጠጠር መንገድ ላይ፣ ቅነሳውን 4 አድርጎ ያስላ። መልሱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።